ከጉበት ሕመም የሚመጣው የአእምሮ መዛባት ተመልሶ እንዳይመጣ፦ ለአስታማሚ ቤተሰብ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ሲሮሲስ በተባለው የጉበት ሕመም የተያዘ ሰው አእምሮው ተዛብቶ ሆስፒታል ከገባ በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ሕክምና ነቅቶ፣ ሰው ለይቶ፣ ስሙንና ሰፈሩን ተናግሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነ» ብሎ እፎይ ይላል። ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከዚያች ዕለት ነው። በሕክምና ስሙ ሄፓቲክ ኢንሰፋሎፓቲ የሚባለው ይህ ችግር አንድ ጊዜ ከታየባቸውና መከላከያ መድኃኒት ከማይወስዱ 100 ሕሙማን መካከል 40 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይታመሙበታል። አእምሮው የጠራው ጉበቱ ስለዳነ አይደለም፤ የጎዳው ነገር ለጊዜው ከደሙ ስለወጣ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አባቴን በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያስታመምኩ ልጅ ነኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወስጃቸዋለሁ፤ ሁለተኛው የደረሰው እኔው ራሴ «አሁንማ ደኅና ናቸው፣ ሽሮፑም መጸዳጃ ቤት እያመላለሰ አደከማቸው» ብዬ መድኃኒቱን ስላቋረጥኩባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቻቸው፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ያስረዱኝን፣ በቤታችንም ይዘን የጠቀመንን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። የመድኃኒትን መጠን የሚወስነው ግን ሕመምተኛውን የሚከታተለው ሐኪም ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ የሚገኙት ቁጥሮች የሐኪሙን ትእዛዝ ለመረዳት እንጂ ለመተካት አይሁኑ።

በመጀመሪያ ምክንያቱን መረዳት ይገባል፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ቤተሰብ ጥንቃቄውን ከሁለት ወር በላይ አይዘልቅበትም። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ፕሮቲንን ሲሰባብሩ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ነገር ይፈጠራል። ጤነኛ ጉበት ይህን አሞኒያ ከደም ተቀብሎ ዩሪያ ወደሚባል ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነ ነገር ይለውጠውና በኩላሊት በኩል በሽንት ይወገዳል። በሲሮሲስ የተጎዳ ጉበት በጠባሳ ስለተሞላ ይህን ሥራ አሟልቶ አይሠራም፤ በዚያ ላይ ከአንጀት የሚመጣው ደም በጠባሳው ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው በጎን ባሉ ደም ሥሮች አድርጎ ጉበትን ሳይነካ ያልፋል። ሳይጣራ የቀረው አሞኒያ አንጎል ሲደርስ የአንጎልን ደጋፊ ሕዋሳት ያሳብጣል፤ በመጀመሪያ እንቅልፍ ይዛባል፣ ቀጥሎ ትኩረትና ጠባይ፣ ከዚያ ንግግር፣ በመጨረሻም ንቃተ ኅሊና። ሕመሙ የሚታየው በአእምሮ ላይ ቢሆንም መከላከሉ የሚጀምረው ከአንጀት ነው።

1. ከሆስፒታል ሳትወጡ

የመውጫ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ቤት ከመጣደፍ በፊት አንድ ደብተር ገዝታችሁ ለሐኪሙ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ጻፉ። የመጀመሪያውና ዋናው «በዚህ ጊዜ የቀሰቀሰው ምን ነበር?» የሚለው ነው። ይህ መዛባት ያለ ቀስቃሽ የሚመጣበት ጊዜ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ የጨጓራ ወይም የጉሮሮ መድማት፣ የሰውነት ውኃ ማነስ፣ የፖታሲየምና የሶዲየም መዛባት፣ የእንቅልፍ ወይም የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ከኋላው አለ። ቀስቃሹ ከታወቀ ቤተሰቡ ዓይኑን የት ላይ መጣል እንዳለበት ያውቃል። የአባቴ የመጀመሪያው ሕመም የመጣው ሆዳቸው ውስጥ በተቋጠረው ውኃ ላይ በደረሰ ኢንፌክሽን ነበር፤ እኛ ግን ይህን የሰማነው ከሦስተኛው በኋላ ነው፣ ስላልጠየቅን።

ቀጥሎም ሕመሙ እንዳይመለስ የሚሰጠው ላክቱሎስ የተባለው ሽሮፕ መጠኑ ስንት እንደሆነና እስከ ስንት ድረስ በራሳችሁ መጨመርና መቀነስ እንደተፈቀደላችሁ፣ የሚወሰዱት ሌሎች መድኃኒቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የክትትል ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቁና መልሱን እዚያው ጻፉ። መድኃኒቱ ላይ ሰዓት ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ጠይቁ፤ «8 ሰዓት» የተባለው ጠዋት 2 ሰዓት ይሁን ከቀኑ 8 ሰዓት ሳይለይ ቀርቶ መጠኑ የሚዛባበት ቤት ጥቂት አይደለም።

2. ላክቱሎስን ሳያቋርጡ መስጠት

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ላክቱሎስ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ትንሹ አንጀት ስለማይፈጨው ሳይለወጥ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያም ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት የአንጀቱን ይዘት ኮምጣጣ ያደርገዋል፣ አሞኒያውም ወደ ደም መግባቱ ቀርቶ ከሰገራ ጋር ይወገዳል። ስለዚህ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። «ሆዴ አልደረቀ፣ ለምን እጠጣለሁ?» የሚለው የሕሙማን ጥያቄም፣ «አእምሮአቸው ከተመለሰ ምን ያደርግላቸዋል?» የሚለው የእኔ ጥያቄም ከዚሁ ስሕተት የሚመነጩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ከሕንድ በተገኘ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ታመው ከዳኑ ሰዎች መካከል ላክቱሎስ ከወሰዱት 61 ሰዎች ሕመሙ የተመለሰባቸው 12 ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 64 ሰዎች ግን 30 ነበሩ።

የተለመደው መጠን በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ነው። ይሁንና ዒላማው የማንኪያው ቁጥር ሳይሆን የሰገራው ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ መውጣት አለበት። ይህን በየቀኑ በደብተሩ ላይ መመዝገብ ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት። አባቴ በመጀመሪያ ይህን በመጠየቄ በጣም ተቆጥተው ነበር፤ አባት በልጁ ፊት እንዲህ ያለ ነገር መናገር እንደሚከብደው ስለገባኝ መጠየቁን ትቼ መጸዳጃ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ወረቀትና እርሳስ አንጠለጠልኩላቸው፣ እሳቸውም በወጡ ቁጥር አንድ መስመር ማስመር ለመዱ። ማታ ማታ መስመሩን ቆጥሬ ወደ ደብተሩ እገለብጣለሁ።

ቁጥሩን አይታችሁ የምታደርጉትን አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተስማሙ። እኛ የተነገረን እንዲህ ነበር፦ በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከወጣ ወይም ጭራሽ ካልወጣ የሚቀጥለውን መጠን ከፍ ማድረግ፤ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም እንደ ውኃ ከቀጠነ መጠኑን ዝቅ ማድረግ፣ ማቆም ግን አይደለም። የበዛ ላክቱሎስም እንደ ጎደለው ሁሉ አደጋ አለው፤ ተቅማጥ ሆኖ የሰውነትን ውኃና ጨዋማ ንጥረ ነገሮች ያሟጥጥና ሊከላከለው የነበረውን መዛባት ራሱ ይጠራዋል።

ሽሮፑን በሲኒ ወይም በአይን ግምት አትስጡ፤ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ባለ መስመር መለኪያ ተጠቀሙ፣ ከጠፋም ከመድኃኒት ቤት ሌላ ጠይቁ። ጣፋጭነቱ የሚያስጠላው ሰው በውኃ ወይም በጭማቂ በጥብጦ ሊጠጣው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መንፋትና ጋዝ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም እየቀነሰ ይሄዳል። ሕመምተኛው ስኳር በሽታ ካለበት ለሐኪሙ መንገር ይገባል፤ ሽሮፑ ውስጥ ጥቂት ሌሎች ስኳሮች አሉ።

አሁን ሐኪም ቤት ወደማይነገረው ጉዳይ ልግባ። በአዲስ አበባ መካከል የሚኖር ሰው ላክቱሎስን የሚዘለው ከቤት ሲወጣ ነው። ታክሲ ተሰልፎ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ከልደታ ፒያሳ ለመድረስ አንድ ሰዓት በሚፈጅበት ቀን ሆዱ ቢያጣድፈው የት ይገባል? አባቴ ለማኅበር፣ ለለቅሶ፣ ለሐኪም ቀጠሮ ሳይቀር በወጡ ቁጥር የጠዋቱን መጠን ደብቀው ይተዉት እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መፍትሔው መቆጣት ሳይሆን ሰዓቱን ማስተካከል ሆነ። ደብተሩን ስናይ ሽሮፑ በእሳቸው ላይ የሚሠራው ከጠጡት ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ስለነበር፣ ጠዋት 4 ሰዓት የሚወጡ ከሆነ 12 ሰዓት ላይ እንዲወስዱ፣ ያ ካልተመቸ ደግሞ ከቤት እንደተመለሱ ወዲያው እንዲወስዱ ተስማማን፤ የዕለቱ ድምር እንዳይጎድል ብቻ እንጠነቀቃለን። በየሰው ሰዓቱ ስለሚለያይ የእናንተን ሕመምተኛ ራሳችሁ ተከታተሉ። በቤት ውስጥም ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ለመጸዳጃ የሚሆን ውኃ በጀሪካን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሌሊት ደግሞ አልጋ አጠገብ ፖፖ ማኖር የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ውኃ የለም ብሎ ሽሮፑን የሚያቆም ሰው አይፈረድበትም፤ ውኃውን የማዘጋጀት ኃላፊነት የእኛ የቤተሰቦቹ ነው።

ጠርሙሱ ሲያልቅ ለመግዛት መሄድም ትልቅ ስሕተት ነው። በቀን 3 ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር የሚወስድ ሰው 90 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል፤ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ከሁለት ቀን ትንሽ ቢያልፍ ነው። መጠኑ በግማሽ ቢያንስ እንኳ ከአራት ቀን ብዙም አይዘልቅም። ሽሮፑ ከገበያ የሚጠፋበት ወቅት ስለሚኖር፣ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ተቀማጭ ይኑራችሁ፤ ስታጡም ከከነማና ከቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ጀምራችሁ በጥቁር አንበሳና በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉትን በስልክ ጠይቁ። ጨርሶ ከጠፋ በዚያው ዕለት ሐኪሙን አማክሩ። ተልባም ሆነ ሌላ የቤት ማለስለሻ ሆድን ሊያላላ ይችላል፣ የላክቱሎስን ሥራ ግን አይተካም። ኮሶና ምንነቱ ያልታወቀ የባህል መድኃኒት ደግሞ ለደከመ ጉበት ጭራሽ አይሰጥም።

3. ሁለተኛው መድኃኒት

ላክቱሎስን በትክክል እየወሰደ እንደገና ለታመመ ሰው ሐኪሞች ሪፋክሲሚን የተባለውን እንክብል ይጨምራሉ። ይህ በአንጀት ውስጥ ቀርቶ አሞኒያ የሚፈጥሩትን ባክቴሪያዎች የሚያዳክም፣ ወደ ደም ግን እምብዛም የማይገባ አንቲባዮቲክ ነው፤ የተጠናው መጠን 550 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ 299 ሕሙማንን ለስድስት ወር በተከታተለ ጥናት ሕመሙ የተመለሰባቸው ሪፋክሲሚን ከወሰዱት 22.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 45.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በሁለቱም ወገን ከአሥሩ ዘጠኙ ላክቱሎስም ይወስዱ ነበር። ስለዚህ እንክብሉ ሲጀመር ሽሮፑ አይቆምም። ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ስለሆነ ካልቻላችሁ በግልጽ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ግማሽ ወር ገዝቶ ግማሽ ወር ከመዝለል ይልቅ ያለውን ላክቱሎስ በሥርዓት መውሰድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

4. ቀስቃሾቹን መዝጋት

የእንቅልፍ መድኃኒት ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ይህ ሕመም ሲጀምር ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፣ ቀን ያንገላጅጃል። አስታማሚው ሌሊቱን ሙሉ ሲነቃ ያድርና ጠዋት ከመድኃኒት ቤት ዳያዜፓም ወይም መሰል ክኒን ይገዛል፤ ሕመምተኛውም በማግሥቱ አይነቃም። እንቅልፍ ማጣቱ የሕመሙ ምልክት ስለሆነ የሚታከመው በላክቱሎስና በሐኪም ምርመራ እንጂ በማስተኛ አይደለም። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖችም ከዚሁ ይመደባሉ።

ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም በየቤቱ የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በሌላ በኩል ይጎዳሉ፦ ኩላሊትን ያደክማሉ፣ መድማትንም ይጋብዛሉ። ፓራሲታሞል የተሻለ ቢሆንም ሐኪሞች ለሲሮሲስ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከ4 ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን እንዳይበልጥ ይገድባሉ። ያለ በቂ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ኦሜፕራዞል የተባለው የጨጓራ መድኃኒትም ኢንፌክሽንን ስለሚያመቻች አስፈላጊነቱን በየቀጠሮው ጠይቁ።

ሆድ ውስጥ ለተቋጠረ ውኃ የሚሰጡት ስፓይሮኖላክቶንና ላሲክስ የሚባለው ፎሮሴማይድ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሽንትን በብዛት በማስወጣት ውኃና ፖታሲየም ሊያዛቡ ይችላሉ። ጠዋት ጠዋት ከመጸዳጃ መልስ፣ ከቁርስ በፊት ክብደቱን መዝኑ። እግሩ ያላበጠ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ፣ ያበጠ ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ እየቀነሰ ከሆነ፣ ወይም ተቅማጥና ትውከት ከያዘው፣ ሽንት የሚያበዙትን መድኃኒቶች ስለማቆም በዚያው ቀን ሐኪሙን ጠይቁ። በክረምት የተቅማጥ በሽታ በከተማው ሲበዛ የመጠጥ ውኃን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ለዚህ ሰው ግዴታ ነው።

ኢንፌክሽን በጉበት ሕመምተኛ ላይ ሁልጊዜ በትኩሳት አይታወቅም። የሆድ ሕመም፣ የሽንት ማቃጠል፣ ሳል፣ ወይም ያለ ምክንያት መድከም ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመርመር ይገባል፤ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ደግሞ ውኃው ተቀድቶ መታየት አለበት። ቀደም ሲል የሆድ ውኃ ኢንፌክሽን የነበረበት ሰው እንዳይመለስበት የሚወስደው አንቲባዮቲክ ካለ አይቋረጥ። መድማትም እንዲሁ ነው፤ በጉሮሮ ደም ሥሮች ማበጥ ምክንያት የታዘዘ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል፣ ወይም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ደም ሥሩን የማሰር ቀጠሮ ካለ አታሳልፉት። የደማው ደም አንጀት ውስጥ ሲገባ እንደ ትልቅ የፕሮቲን ምግብ ተፈጭቶ አሞኒያውን በድንገት ከፍ ያደርገዋል።

አልኮል በማንኛውም መጠን ይቆማል። «ጠላ ብቻ»፣ «ለበዓል አንድ መለኪያ አረቄ» የሚለው ልመና የሚመጣው ከወዳጅ ስለሆነ ለመከልከል ይከብዳል፤ እኔ በማኅበሩ ቤት ለባለቤቷ አስቀድሜ ደውዬ «እትዬ፣ ለአባቴ ውኃ ብቻ ያቅርቡላቸው» ማለትን ለምጃለሁ። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ የሚባለው የአልኮል መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ክኒን ይከተላል። ከላይ የቆጠርናቸውን ቀስቃሾች በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሰበስብ ልማድ ነውና ሙሉ በሙሉ መተው አለበት።

የጉበቱን በሽታ ያመጣው ነገር ራሱ መታከሙም አይዘንጋ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው እንደ ቴኖፎቪር ያለውን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ሳያቋርጥ ሲወስድ፣ ሄፓታይተስ ሲ ያለበትም ሲታከም ጉበቱ ትንሽም ቢሆን አቅም ሊመለስለት ይችላል።

5. አመጋገብ

ቀደም ባሉት ዘመናት የዚህ ሕመም ሕሙማን ፕሮቲን ይከለከሉ ነበር፤ ምክሩ ዛሬም በሰው አፍ አለ። አሁን ግን ተቃራኒው ነው የሚመከረው። ጡንቻ ራሱ አሞኒያን ከደም ስለሚያነሣ፣ ፕሮቲን የተከለከለ ሰው ጡንቻው በሟሸሸ ቁጥር ለሕመሙ ይበልጥ ይጋለጣል። መመሪያዎች በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ክብደቱ ሲሰላ የተቋጠረው ውኃ አይቆጠርም። ከሥጋ ይልቅ የአትክልትና የወተት ተዋጽኦ ፕሮቲን የበለጠ ይስማማል፤ በዚህ ረገድ የእኛ ማዕድ የታደለ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ የአተር ክክ፣ ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲንም ሆድ የሚያለሰልስ አሰርም አላቸው፣ እርጎ፣ አይብና የተቀቀለ እንቁላል ደግሞ ይጨመራሉ። ሆዱ ውኃ ለሚቋጥር ሰው ጨው ስለሚቀነስ የእሱ ወጥ ሳይጨመርበት ቀድሞ ይቀዳለት። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎና ያልፈላ ወተት ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጡ ይቅሩ።

የምግቡ ሰዓት ከዓይነቱ አያንስም። የተጎዳ ጉበት ስንቅ ማስቀመጥ ስለማይችል፣ ጤነኛ ሰው ከረጅም ጦም በኋላ የሚደርስበት የሰውነት መሸርሸር በዚህ ሰው ላይ በአንድ ሌሊት ይደርሳል። ስለዚህ ቀን ቀን በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይብላ፣ ከመተኛቱ በፊትም የማይታለፍ መክሰስ ይኑረው። እኛ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጨው ያልገባበት በሶ በእርጎ እናቀርባለን፣ አንዳንድ ቀን ገንፎ። ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ቶሎ ቁርስ ይከተላል።

እዚህ ላይ የጾም ጉዳይ ይነሣል፤ አባቴ ከልጅነታቸው ጾም አፍርሰው የማያውቁ ሰው ስለነበሩ ጉዳዩን በቀላሉ አላየሁትም። ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ፣ በቂ ጥራጥሬ ከበላ፣ ሊያዝ ይችላል፤ እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ መዋል ግን ለዚህ ሕመም አደገኛ ነው፣ መድኃኒቱንም ያስዘልላል። እኔ ከመከራከር ይልቅ የንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ ጋብዤ ሁኔታውን አስረዳኋቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ እንደምታዝን ነግረው፣ በጠዋት እንዲበሉና መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ከእኔ ቢሆን የማይሰሙትን ከእሳቸው ሰሙ። ሙስሊም ቤተሰብም በረመዳን ለሕመምተኛ የተሰጠውን ፈቃድ ከሚያምኑት ዓሊም ጋር ቢነጋገርበት ሕመምተኛው ኅሊናው ሳይቆረቁረው ይበላል።

6. በየቀኑ የሚደረግ ፍተሻ

ሕመሙ ከባድ ከመሆኑ በፊት ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ምልክት ይሰጣል። በደብተሩ ላይ በየማለዳው ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ያሉትን ሰባት ፊደላትና ስማቸውን እንዲጽፉ እናደርግ ነበር። በደኅና ቀን የተጻፈው ገጽ መነጻጸሪያ ነው፤ ፊደሉ ሲንቀጠቀጥ፣ መስመሩ ሲዘቅጥ ወይም የፊደሉ ተራ ሲሳት፣ እሳቸው «ደኅና ነኝ» ቢሉም እጃቸው ቀድሞ ይናገራል። ሌላው ፍተሻ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቁትን የእንስሳት ስም እንዲጠሩ ማድረግ ነው፦ ላም፣ በግ፣ ጅብ፣ እያሉ። ከ10 በታች ከሆነ፣ ወይም ከወትሮው ጉልህ ቅናሽ ካለ፣ ነገሩን በቸልታ አትለፉት። እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ «ቁም» እንደሚል ሰው መዳፍን ከአንጓው ወደ ኋላ ቀልብሶ ጣቶችን ወደ ላይ ሲያቆሙ፣ እጁ እንደ ክንፍ መርገብገቡም የታወቀ ምልክት ነው።

ጠባይን የሚያውቀው ግን ከሁሉ በላይ አብሮ የሚኖር ሰው ነው። ገር የነበረ ሰው ያለ ምክንያት ከተቆጣ፣ ቁጥብ የነበረው ሰው ወሬ ካበዛ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ቤት ውስጥ ከተንጎራደደ፣ «ለከፈው» ወይም «አረጀ» ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻው ሰገራ መቼ እንደነበር እዩ። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ቤተሰብ ይሂድ፤ ሽሮፑንና ምግቡን ይዞ፣ ሕመምተኛው ከተዛባ ግን መጀመሪያ ወደ ሐኪም። አባቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሄዱ ቁጥር መድኃኒታቸው በቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ሕመሙ ከታየ ጀምሮ ሐኪም እስኪፈቅድ መኪና አይነዳ፣ ብቻውን መንገድ አይሻገር፣ የጋዝ ምድጃ አያብራ፣ በባንክና በውል ጉዳይ አይፈርም። ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ደረጃውን ሲወርድ አንድ ሰው ከፊቱ ይቅደም።

7. ምልክቱ ሲታይ

እንቅልፉ ከተዛባ ወይም ጽሕፈቱ ከተበላሸ፣ ነገር ግን ነቅቶ በትክክል የሚውጥ ከሆነ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ በፈቀደላችሁ መሠረት ላክቱሎሱን ጨምሩና በዚያው ዕለት ለምርመራ ውሰዱት፤ ሰገራ ወጥቶ አእምሮው ቢጠራም እንኳ ቀስቃሹ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ቀንና ቦታ ከሳተ፣ ንግግሩ ከተጎተተ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካለው፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ነገ አይባልም፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ ወይም በቅርብ ባለ መኪና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በእንቅልፍ ውስጥ ላለ ሰው ሽሮፕም፣ ውኃም፣ ጸበልም በአፉ አይፈስስም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት። ደብተሩን፣ የመድኃኒቶቹን ጠርሙሶችና የቀድሞውን የመውጫ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በር ላይ ለሚቀበላችሁ ሰው «አእምሮው ተነካ» ከማለት ይልቅ «ሲሮሲስ አለበት፣ ከዚህ በፊት ሄፓቲክ ኢንሰፋሎፓቲ ነበረው፣ የመጨረሻ ሰገራው የወጣው በዚህ ሰዓት ነው፣ የወሰዳቸውም መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው» በሉት።